እግር ሳይሰበር ኳስ ማስጣል፦ ለሰሜን ሸዋ የኮሌጅ ቡድኖች

«ኳሷን ነው የነካሁት!» በየጊቢው ውድድር ፊሽካ በተነፋ ቁጥር የሚሰማ ክርክር ነው። ተከላካዩ በሁለት እጁ አየር ላይ ክብ እየሠራ ለዳኛው ኳስ ያሳያል፤ አጥቂው ቅልጥሙን ይዞ ይንከባለላል። ኳሷን መንካቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ በምን ፍጥነት ገባ? የትኛውን የእግሩን ክፍል አስቀደመ? ከገባ በኋላ ራሱን ማቆም ይችል ነበር? ተጫዋቾቻችሁን ከጉዳት የምትጠብቁትም እነዚህን ጥያቄዎች ከጨዋታ በፊት፣ በልምምድ ሜዳ ላይ ስትመልሱ ነው።

ዳኛው የሚያየው

የእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 12 የአገባብን፣ ማለትም ኳስ ለማስጣል ወደ ተጋጣሚ ሲገባ የሚሠራውን ጥፋት፣ በሦስት ደረጃ ይለያል። ተጫዋቹ ሳያመዛዝን ከገባ፣ ለምሳሌ ትንሽ ዘግይቶ ደርሶ የአጥቂውን ጫማ ቢረግጥ፣ ቅጣት ምት ይሰጣል እንጂ ካርድ የለውም። በተጋጣሚው ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ችላ ብሎ ከገባ ቢጫ ነው። ከልክ ያለፈ ኃይል ከተጠቀመ ወይም የተጋጣሚውን ደኅንነት አደጋ ላይ ከጣለ ቀይ ነው። ከፊት፣ ከጎን ወይም ከኋላ፣ በአንድ እግር ወይም በሁለት መግባቱ ልዩነት አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኋላ የሚገባ አደገኛ አገባብ በቀይ እንዲቀጣ ተደንግጎ ነበር። ብዙ ተጫዋች ያንን ይዞ ቀርቶ «ከፊት ነው የገባሁት» ይላል። የዛሬው ሕግ አደጋውን እንጂ አቅጣጫውን አይመዝንም።

በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ሌላ ልዩነት አለ። ግልጽ የጎል ዕድል ያበላሸ ተከላካይ ኳስ ለማስጣል ሞክሮ ከሆነ ፍጹም ቅጣት ምትና ቢጫ ነው። ማልያ ጎትቶ፣ ገፍቶ ወይም ይዞ ከሆነ ግን ቀይ ነው። ነገር ግን «ክልል ውስጥ እስከሆንኩ ድረስ ቢጫ ነው» ብሎ እግሩን አንሥቶ የሚገባ ተጫዋች ተሳስቷል፤ አገባቡ ራሱ አደገኛ ከሆነ ኳስ ለማስጣል መሞከሩ ከቀይ አያድነውም።

ለጊቢ ጨዋታ የሚመደቡ ተማሪ ዳኞችም አንድ ነገር ይያዙ። ቀይ የሚያሰጥ አገባብ ካያችሁ፣ ግልጽ የጎል ዕድል ከሌለ በቀር «ይቀጥል» አትበሉ። ጨዋታው በቀጠለባቸው ጥቂት ሰከንዶች የተመታው ቡድን ለመበቀል ይሮጣል፤ ሁለተኛው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

ሜዳችን ምን ይፈቅዳል

የአገባብ ሥልጠና በሣር ሜዳ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። እኛ ጋ ነገሩ ይለያል። በእነዋሪና በደነባ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ በክረምት ታኬታ ይውጣል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም የእግር ጣት የሚያስገባ ይሆናል። የሮጠ ተጫዋች ፊተኛው እግሩ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሰውነቱ ከዞረ ጉልበቱ ይጠመዘዛል፤ የጉልበት ጅማት እንዲበጠስ ሰው እንዲነካው አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ የሌሊት ውርጭ መሬቱን ያጠነክረዋል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያለው ሜዳና ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ያለው ሜዳ አንድ አይደሉም። ጨዋታውን ወደ ረፋዱ መግፋት ዋጋ አያስከፍልም።

ከጨዋታው 30 ደቂቃ በፊት ስድስት ሰው ጎን ለጎን በሁለት ሜትር ርቀት ተሰልፎ ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ እየተመላለሰ ይቃኝ። ድንጋይ፣ ጠርሙስ፣ የከብት ችካል ቀዳዳ ይፈለግ። ስንጥቁ በአፈር ተሞልቶ ይረገጥ። የጎሉ ቋሚዎች በተለይ ተንቀሳቃሽ ከሆኑ መሬት ላይ መታሰር አለባቸው፤ ሕጉም ያዛል። ተመልካች ከመስመሩ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ፤ ተንሸራቶ የሚወጣ ተጫዋች ሞተር ሳይክል ወይም የድንጋይ መቀመጫ ላይ መድረስ የለበትም።

መስመር በኖራ አታስምሩ። ኖራ ላብ ሲነካው ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል፤ መሬት ላይ የሚንሸራተት ተጫዋች ደግሞ ፊቱ ከመስመሩ ብዙም አይርቅም። ጀሶ ይሻላል። ኖራ ዓይን ከገባ ቢያንስ 20 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ያለማቋረጥ ማጠብ፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

ሜዳው ደረቅና ጠጠራማ ከሆነ አሰልጣኙ ሸርተቴን፣ ማለትም መሬት ላይ ተንሸራቶ ኳስ ማስጣልን፣ ጨርሶ ይከልክል። ሕጉ ሸርተቴን አይከለክልም፤ አሰልጣኝ ግን የራሱን ተጫዋች መከልከል ይችላል። ጠጠር ላይ የተላጠ ጭን ለሳምንት ያቆስላል፣ ቁስሉም ከከብት መዋያ አፈር ጋር ይገናኛል። የቴታነስ ክትባት ያልወሰደ ተጫዋች ካለ ውድድር ሳይጀመር ይከተብ።

ሳይወድቁ ማስጣል

ጥሩ ተከላካይ ማልያው ብዙም አይቆሽሽም። ኳስ ማስጣል የሚጀምረው ከመንካቱ ሦስትና አራት ሜትር ቀድሞ ነው። ወደ አጥቂው በፍጥነት ሩጡ፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት አራት ሜትሮች ግን እርምጃ አሳጥራችሁ ፍጥነት ቀንሱ። የክንድ ርዝመት ሲቀር ቁሙ። ሰውነት በጎን ይዙር፣ አንድ እግር ይቅደም፣ ጉልበት ይታጠፍ፣ ክብደት ከተረከዝ ወደ ፊተኛው የእግር ክፍል ይምጣ። ዓይን ከኳሷ አይነሣ፤ የአጥቂው ወገብና ትከሻ ያታልላል። ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት የሚቆም ተከላካይ በእግሮቹ መካከል ያሳልፉበታል፤ ያን ጊዜ ተናዶ ከኋላ ይገባል። አብዛኛው የመጥፎ አገባብ ታሪክ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ከዚያ ጠብቁ። አጥቂው ኳሷን በነካ ቁጥር ለአፍታ ከእግሩ ትርቃለች። መግቢያው ያቺ አፍታ ናት። ኳሷ ጫማው ሥር እያለች የሚገባ ሰው ኳሷንና እግሩን አብሮ ከመምታት ሌላ ዕድል የለውም።

ስትገቡ የቆማችሁበት እግር ከኳሷ አጠገብ ይረፍ። የምትመቱበት እግር ወደ ውጭ ዞሮ በውስጠኛው ጎኑ ይምጣ፣ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ተቆለፈ ይጠንክር፣ ጉልበቱ ታጥፎ ይቆይ፤ ደረት ከኳሷ በላይ ይደፋ። የምትመቱት የኳሷን ወገብ ነው። አንዲት ሕጋዊ ኳስ ዙሪያዋ ከ68 እስከ 70 ሴንቲሜትር ስለሆነ ወገቧ ከመሬት 11 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ይህ ቁጥር ከሁሉ የበለጠ አስፈላጊ ነው። ጫማችሁ ከዚያ በታች ከሆነ ኃይሉ ኳሷ ላይ ያርፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ኳሷ ከረጠበች፣ እግራችሁ በኳሷ አናት ላይ ተንሸራቶ ያልፍና የታኬታው ጥርስ የተጋጣሚውን ቅልጥም ያገኛል። ኳሷም ተነክታለች፣ ቅልጥሙም ተሰብሯል። «ኳሷን ነክቻለሁ» የሚለው ክርክር ከንቱ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

የሚበላሸው ምንድን ነው? ቁርጭምጭሚቱን ያላላ ተጫዋች ራሱ ወለም ይለዋል። ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ የገባ ሰው ግጭቱን የሚቀበለው በጉልበቱ የውስጥ ጅማት ነው። ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰው ደግሞ ሳያስበው ጫማው ይነሣል፤ ፈርቶ የሚገባ ተጫዋች ራሱ የሚጎዳውም ሌላውን የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

ሸርተቴ ሲያስፈልግ

ሸርተቴ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ከወደቃችሁ በኋላ አቅጣጫ መቀየር አትችሉም። ከአጥቂው ጎን ስትሆኑ፣ ኳሷ ከእግሩ ስትርቅና መሬቱ ለስላሳ ሲሆን ብቻ ግቡ። ለአጥቂው ቅርብ የሆነው እግር ታጥፎ ከሥር ይሁን፣ በዳሌና በጭኑ ውጫዊ ጎን ላይ ውረዱ፤ ሌላኛው እግር መሬት እየላሰ ዞሮ ኳሷን ያስወጣ። ተረከዝ መሬት አይልቀቅ። የጫማው ሶል ወደ ሰው አይመልከት። እጅ ወደ ኋላ ተዘርግቶ መሬት አይመርኮዝ፤ የእጅ አንጓ የሚሰበረው እንዲህ ነው። ክንዱ ታጥፎ ወደ ሰውነት ይሰብሰብ።

ሁለት እግር አንድ ላይ አንሥቶ መግባት በምንም ሁኔታ አይፈቀድ። ሁለቱም እግሮች ከመሬት ሲለቁ ፍሬን የለም፤ የሙሉ ሰውነት ክብደት ፊት ያገኘውን ይመታል።

አየር ላይ ለሚደረግ ፉክክር ሁለት ነገር ይበቃል። ወደ ላይ እንጂ ወደ ሰው አትዝለሉ፤ ክርን ከትከሻ በላይ ከወጣ ፊት ይመታል። ሌላው ሲዘል ደግሞ ከሥሩ አጎንብሶ መቆም ክልክል ይሁን፤ የዘለለው ሰው በጀርባ ተገልብጦ በአንገቱ ይወድቃል። ትከሻ ለትከሻ መጋፋት ኳሷ ቅርብ እስከሆነችና ክንዱ ወደ ሰውነት እስከተሰበሰበ ድረስ ይፈቀዳል።

ልምምዱ

በሳምንት ሁለት ቀን፣ 15 ደቂቃ፣ ልምምዱ ሲጀመር ተጫዋቹ ሳይደክም። መጨረሻ ላይ ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው፤ የደከመ እግር መጥፎ አገባብ ይማራል።

በመጀመሪያ ኳስ መሬት ላይ ቆማ ሁለት ተጫዋች በአንድ እርምጃ ርቀት ፊት ለፊት ይቁሙ። አሰልጣኙ ሲቆጥር ሁለቱም በአንድ ጊዜ በውስጠኛ እግር ኳሷን ይግጠሙ፤ በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ፣ በግማሽ ኃይል። ቁመታቸውና ክብደታቸው የተቀራረበ ይጣመሩ። ቀጥሎ ስፋቱ 5፣ ርዝመቱ 10 ሜትር በሆነ መንገድ አንድ ለአንድ። ተከላካዩ አጥቂው ኳሷን ሦስት ጊዜ እስኪነካ ማስጣል አይፈቀድለትም፤ ማዘግየት ብቻ። መጠበቅን የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም። ሸርተቴ የሚለማመዱት በእርጥብ ሣር ላይ፣ ረጅም ቱታ ለብሰው፣ በየጎኑ ከ8 ጊዜ ሳይበልጥ ነው።

ሰውነት ማሟሟቂያውን ፊፋ 11+ አድርጉት። 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፣ 20 ደቂቃ ይወስዳል፦ 8 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ በወጉ ከተሠራ ጉዳትን በግልጽ ይቀንሳል። ብዙ ቡድን ሩጫውን ሠርቶ መካከለኛውን ክፍል ይዘላል፤ ጉልበትና የኋላ ጭንን የሚጠብቀው ግን እሱ ነው።

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በጣርማ በር ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ቡድን ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ነው የሚመጣው። ትንፋሹ በሁለተኛው አጋማሽ ያጥረዋል፣ እግሩ ግማሽ እርምጃ ይዘገያል፤ ዘግይቶ የደረሰ እግር ደግሞ ኳሷን ሳይሆን ሰውን ያገኛል። አሰልጣኙ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ተከላካዮቹንና የተከላካይ አማካዩን ይከታተል፤ ሁለት ጊዜ ዘግይቶ የገባውን ሦስተኛውን ሳይጠብቅ ይቀይር። ቁልቁል የሚወርደው የደጋ ቡድን ደግሞ ሙቀቱ ያደክመዋልና የውኃ ዕረፍት ከዳኛው ጋር አስቀድሞ ይስማማ።

ትጥቅ

የቅልጥም መከላከያ ግዴታ ነው፣ በካልሲም ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ልኩ ለተጫዋቹ ተስማሚ መሆኑ የራሱ የተጫዋቹ ኃላፊነት ነው። ከቁርጭምጭሚት መታጠፊያ ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምር፣ ከጉልበት ሎሚ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ይጨርስ። ካልሲ ውስጥ ካርቶን መክተት መከላከያ አይደለም፤ በላብ ይርሳል፣ ይታጠፋል። ቡድኑ ገንዘብ ካጠረው ከማልያ በፊት ይህንን ይግዛ።

በደረቅ መሬት አጫጭርና ብዛት ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ያለው ታኬታ ይመረጥ። ረጅም የብረት ጥርስ መሬቱን ይይዛል፣ ጉልበት ይዞራል፣ እግር ግን አይዞርም። ከጨዋታ በፊት አምበሉ በእያንዳንዱ ታኬታ ሶል ላይ መዳፉን ያሳልፍ፤ የተሸረፈ ጥርስ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ቀለበት፣ ሐብል፣ የእጅ አምባር ይውለቅ፤ በፕላስተር መሸፈን አይፈቀድም። ማተብም ቢሆን አንገት ላይ ሲያዝ የሚያንቅ እንዳይሆን ከጨዋታው በፊት ከዳኛው ጋር ተነጋገሩበት።

ተጫዋች ሲወድቅ

ከጨዋታው በፊት ሦስት ነገር ይወሰን፦ ማን ወደ ሜዳ ይገባል፣ ማን ይደውላል፣ መኪናው በየት በር ይገባል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የአካባቢያችሁን አምቡላንስ ሹፌር ስልክም በወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳው ላይ ለጥፉ።

ቁርጭምጭሚቱ የተጠመዘዘ ተጫዋች አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ወይም አጥንቱ ራሱ ሲነካ የሚያመው ከሆነ ራጅ ያስፈልገዋል። ወለምታ ከሆነ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ፋሻና እግር ከፍ ማድረግ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አይታሽ፣ አይሞቅ።

ቅልጥሙ የታጠፈ ወይም አጥንቱ የወጣ ከሆነ አታቃኑት። ባለበት ሁኔታ ከሁለት ጎን በእንጨትና በጨርቅ ደግፋችሁ እሰሩ፣ ጣቶቹ ይታዩ። በየጥቂት ደቂቃው ጣቶቹን ንኩ፤ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እስሩ ጠብቋልና አላሉት። ቡድኖቻችን የሕክምና ሰውን ወጌሻ ይሉታል፣ በየሰፈሩም ወጌሻ አለ። የተሰበረ እግር ግን በመጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። በጥብቅ የታሰረ ስብራት የደም ዝውውር ተቋርጦበት እግሩ እስከመቆረጥ የደረሰ ሰው በአገራችን ሆስፒታሎች እንግዳ አይደለም።

ማንም ሳይነካው የወደቀና የማይመልስ ተጫዋች ልቡ እንደቆመ ቁጠሩት። ትንፋሹ ከሌለ ወይም እንደ ማቃሰት ከሆነ ወዲያው ደረቱን መጫን ጀምሩ፦ መካከለኛው የደረት አጥንት ላይ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪደርስ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ፊት ላይ ውኃ መድፋት፣ በጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት ጊዜ ይበላል፣ ጉዳትም ያመጣል።

ጭንቅላት

ራስ ለራስ፣ ክርን ከራስ ወይም ራስ ከመሬት ከተጋጨ በኋላ ተጫዋቹ ተነሥቶ «ደኅና ነኝ» ይላል። አትመኑት፤ የሚመልሰው የተመታው ጭንቅላት ራሱ ነው። ጠይቁት፦ አሁን የት ሜዳ ላይ ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? የመጨረሻውን ጎል ማን አገባ? ባለፈው ጨዋታ ከማን ጋር ተጫወትን? አሸንፈን ነበር? አንዱን ከሳተ፣ ወይም ከተንገዳገደ፣ ዓይኑ ከፈዘዘ፣ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው ይወጣል። በዚያ ቀን አይመለስም፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ቢሻለውም አይመለስም። የውድድሩ ደንብ ከፈቀደ ለጭንቅላት ጉዳት ተጨማሪ ቅያሪ መጠቀም ይቻላል፤ ይህ አማራጭ እ.ኤ.አ. ከ2024/25 ጀምሮ በዓለም አቀፉ ሕግ ገብቷልና የጊቢ ውድድር አዘጋጆች ደንባቸው ላይ ይጻፉት።

ራሱን ከሳተ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ አንገቱን ካመመው፣ እጁ ወይም እግሩ ከደነዘዘ፣ ሁለት ሁለት ካየ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ሆስፒታል ነው። አንገት የተጠረጠረበትን ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ባለበት ደግፋችሁ ያዙ፤ በማልያ ጎትቶ ማንሣት የለም። ካስመለሰው ግን ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን በአንድነት ወደ ጎን አዙሩት፤ መታነቅ ከሁሉ ይቀድማል።

ማታ ዶርም ውስጥ ብቻውን አይደር። አብሮት የሚያድር ጓደኛ የአደጋ ምልክቶቹን ይወቅ። ጠጅም አረቄም አይቅመስ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀለል ባለ እንቅስቃሴ ይቆይ፣ ስልክና ንባብ ይቀንስ፤ ፈተና ካለበት አሰልጣኙ ራሱ ለመምህሩ ያሳውቅለት፤ ተማሪው አፍሮ ይደብቃልና።

መመለሱ በስድስት ደረጃ ነው፣ እያንዳንዱም ቢያንስ 24 ሰዓት ይወስዳል፦ የዕለት ኑሮ፣ ቀላል ሩጫ፣ ብቻውን ኳስ፣ ንክኪ የሌለው የቡድን ልምምድ፣ ከሐኪም ፈቃድ በኋላ ሙሉ ልምምድ፣ ጨዋታ። ምልክቱ ከተመለሰ ወደ ቀድሞው ደረጃ ይወርዳል። አምስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ በቀጥታ አንድ ለአንድ አታስገቡት። ከቆመች ኳስና ከአንድ እርምጃ ርቀት ይጀምር፣ በግማሽ ኃይል፣ በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ፤ ከፊቱ የሚቆመውም ቁርጭምጭሚቱን መቆለፍ የሚያውቅ፣ ጫማው ከኳሷ ወገብ በላይ የማይወጣ ተጫዋች ይሁን።